በአንድ ቤት ሁለት ኤቲኤም

አባቴን ሰፈራችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ትልቅ ትንሹ «ጋሽ ኤቲኤም» ነው የሚለው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ደግሞ ካርዳቸውን ከኪሳቸው ይመዛሉ። ከሁሉም የባሰው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አባዬን ገና ከሩቅ ሲያየው መቀሱን ጥሎ ይወጣና «ጋሽ ኤቲኤም፣ ይቺ ካርድ ትናንት እንቢ አለችኝ፤ እስቲ ይዩልኝ?» ይለዋል። አባዬ ፊቱን ያጠቁርና «እኔ የዚያኛው አይደለሁም!» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ታዲያ የትኛው እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ከምሳና ከእራት ጋር ስበላው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ የስልክ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ ለሥልጠና ባሕር ማዶ ላኩትና «አሲንክሮነስ ትራንስፈር ሞድ» የሚባል ጉድ ተምሮ መጣ። በአጭሩ ኤቲኤም። ነገሩ የመስመር አሠራር ነው። ድምፅም ይሁን ምስልም ይሁን ጽሑፍ፣ ሁሉም እኩል እኩል እየተቆራረጠ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ግንባሩ ላይ አድራሻ እየተለጠፈለት፣ በአንድ ሽቦ ይጓዛል። አባዬ ከአውሮፕላን በወረደ ማግስት «መጪው ዘመን የኤቲኤም ነው!» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። አልተሳሳተም፤ መጪው ዘመን እውነትም የኤቲኤም ሆነ። የእሱ ኤቲኤም ግን አልነበረም። እሱ ማሽኖቹን ተክሎ ላቡን ሳይጠርግ ባንኮች ግድግዳቸውን እየቦረቦሩ ገንዘብ የሚተፋ ሣጥን ሰኩበትና እላዩ ላይ በትልልቁ «ኤቲኤም» ብለው ጻፉበት። የእሱን ደግሞ ቀለል ያለ ሌላ አሠራር መጣና ተካው፤ ማሽኖቹም ተነቅለው ለብረት ሰብሳቢ ተሸጡ። ጡረታ ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ሥራ የቀረው ቅጽል ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱም የሌላ።

ይኼ አልበቃ ብሎት እኔ አንድ ልጁ ምን ሆንኩ? የገንዘብ ማሽን ጠጋኝ። አዎ፣ የዚያኛው ኤቲኤም። ሥራውን ያገኘሁ ዕለት እማዬ በደስታ ጮኸች፤ አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠና «ከገዛ ቤቴ?» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እራት ላይ ውሎዬን ለእማዬ ሳወራላት፣ እሱ እጁን ዘርግቶ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ዛሬ ገንዘብ ስቦ የሚያወጣው ጎማ አልቆ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አንዱ ካርዴን ዋጠብኝ ብሎ ማሽኑን በቡጢ ሲደበድበው ደረስኩ፣ «ወንድሜ፣ ማሽን አይርበውም እኮ!» አልኩት፣ እያልኩ ስለፈልፍ አባዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ማሽኑን በስሙ እንኳ አይጠራውም፤ «የገንዘብ ሣጥን» ነው የሚለው። ጡረታውን ሊቀበል ሲሄድ ከባንኩ መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ይሰለፋል፤ እኔ በእጄ የጠገንኩት ማሽን እዚያው በሩ ላይ ሥራ ፈትቶ ቆሞ! ያናድደኛል? እንዴት አያናድደኝ! ግን አባት ነው፣ ምን ይደረጋል።

እንዲህ ተኮራርፈን በሰላም ስንኖር፣ አንድ ጠዋት የቤቱ ስልክ ጮኸ። የድሮ መሥሪያ ቤቱ ነው። የምሥረታ በዓል ሊያከብሩ ነው፤ ባለውለታዎችን ሊሸልሙ ነው፤ አባዬም «ኤቲኤምን ያስተዋወቁ ቀዳሚ መሐንዲስ» ተብሎ መድረክ ላይ ይጠራል። አባዬ «እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋና እጁን እላዩ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ።

«አስታወሱኝ» አለ።

ድምፁ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዳላለቅስ ብዬ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

ከዚያማ ቤቱ ቤት አልሆን አለ። ሱፉ ከሣጥን ወጣ፣ ክራባቱ ተመረጠ፣ ተሻረ፣ እንደገና ተመረጠ። ንግግር ይጻፋል፣ ይቀደዳል። የድምፁና የምስሉ ቁርጥራጮች በሽቦ ላይ እንዴት እንደሚጓዙ ለሕዝቡ በቀላሉ ለማስረዳት የክብሪት ቀፎዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ እየገፋ ይለማመዳል። እማዬ ምድጃ ልትለኩስ ክብሪት ብትፈልግ «እንዳትነኪ! እነዚህ ዳታ ናቸው!» አላት።

መሥሪያ ቤቱ ፎቶውን ጠየቀ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ ስልክ ተሰጠኝና እኔ ላኩላት። እሷም «በጣም ያምራል!» ብላ የባነሩን ምስል መልሳ ላከችልኝ። በአንድ ወገን አባዬ ክራባቱን አስሮ ይስቃል። በሌላው ወገን አንዲት ወጣት ከግድግዳ ማሽን ውስጥ ገንዘብ ስትስብ ትስቃለች። ማሽኑን ሞዴሉን ሳይቀር ዐውቀዋለሁ፤ ካርድ ማስገቢያው አቧራ እየሳበ ነፍሴን የሚያወጣው ነው። ከሥሩ «የኤቲኤም አባት» ይላል።

ጉድ ፈላ! አባዬ በሕይወቱ አንድ ቀን «አስታወሱኝ» አለ፤ እነሱ ያስታወሱት ሌላ ሰው ነው። እሱ ይኼን ባነር መድረክ ላይ ሲያየው ቅስሙ እንደሚሰበር እንደ ስሜ ዐውቃለሁ። በዓሉ ነገ ነው።

ለሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ ደወልኩ፤ አታነሣም። ደገምኩ። በመጨረሻ በጽሑፍ መለሰችልኝ፦ «ቢዚ ነኝ ኤቲኤም።» እኔ ሞኟ ማሽን ፊት ተሰልፋ ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅኳት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ጽሑፉን አይታ በሳቅ ፈረሰች። በቻት «በአሁኑ ሰዓት» ማለት ነው አለችኝ፤ የእንግሊዝኛው «አት ዘ ሞመንት» የቃላቱ መጀመሪያ ፊደል እየተለቀመ ነው። እንግዲህ ሁለቱ አልበቃ ብለውን ሦስተኛ መጣ!

የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ከባነሩ ግርጌ ስለነበር ተነሥቼ እዚያው ሄድኩ። ባለቤቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እኔማ ኤቲኤም ሲሉኝ እንዴት ደስ ብሎኝ መሰለሽ!» አሉኝ። «በኛ ሥራ ኤቲኤም ማለት ድሮ ኮምፒዩተር ላይ የፊደሉ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ እንዳይመስል የሚያለሰልስ ፕሮግራም ነበር። ያን ያመጣ ሰው ቢሸለም ይገባዋል ብዬ በግማሽ ዋጋ ሠራሁላቸው። በኋላ የገንዘብ ማሽን ፎቶ ሲልኩልኝ አዘንኩ።»

«ታዲያ አልጠየቋቸውም?»

«ምን ቆርጦኝ? እነሱ መሐንዲሶች ናቸው፣ እኔ አታሚ ነኝ። አሁን ይሄ ሰውዬ ኤቲኤም ምን እንደሆነ አያውቅም ይበሉኝ?» ባነሩ ጠዋት ተወስዷል፤ ሌላ ለማተም ከመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ያስፈልጋል አሉኝ።

ልጅቷን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ያዝኳት። ስልክ በጆሮዋ፣ ሌላ ስልክ በእጇ፣ ፊኛ በጠረጴዛዋ። የአባዬ ኤቲኤም ምን እንደነበር ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት፤ እኔ ራሴ እንዲያ አሳምሬ መናገር መቻሌ ገረመኝ። አዳመጠችኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

«እና አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያ የአባትሽ ኤቲኤም።»

«ተነቅሏል።»

«አየሽ እህቴ፣ የሌለ ነገር ፎቶ ከየት ላምጣ? ማኅደራቸው ላይ ኤቲኤም ይላል፤ እኔ የማውቀው ኤቲኤም አንድ ነው። አሁን ደግሞ ሽልማቱን የሚሰጡት በዓሉን የደገፈው ባንክ ፕሬዚዳንት ናቸው። አባትሽ የገንዘቡ ማሽን ሰው ካልሆኑ ፕሬዚዳንቱ ምን ብለው ይሸልሟቸዋል? አለዚያ ከፕሮግራሙ ላስወጣቸው ነው። ላስወጣቸው?»

እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ባስወጣው «ረስተውኝ ነበር፣ ደግመው ረሱኝ» ይላል። ብተወው ያንን ሣጥን ከጎኑ አቁመው ያጨበጭቡለታል። ሱፉ ትዝ አለኝ፤ ትዝ አለኝ «አስታወሱኝ» ያለበት ድምፅ።

«ይቆይ፣ አታስወጪው» አልኩና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ ሱፉን እየተኮሰች ነበር። ሹክ አልኳት። ካውያውን አንሥታ ይዛ አሰበች።

«ሰው አንድ ቀን ቢጨበጨብለት ምን አለበት? ለየትኛው ነው ብሎ ማን ይጠይቃል?» አለችኝ።

«እሱ ይጠይቃላ እማዬ! እሱ ነው የሚጠይቀው!»

«ታዲያ ሂጂ ንገሪው።»

መኝታ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ደረቱን ነፍቶ «ክቡራትና ክቡራን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አምሳ ሦስት! አዎ፣ አምሳ ሦስት ባይት ብቻ!» ይላል፤ ከዚያ ለጭብጨባው ቦታ ትቶ ዝም ይላል። ተመልሼ መጣሁ። እማዬ መተኮሷን ቀጠለች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። ባነሩ ከመድረኩ ጀርባ ከጣሪያ እስከ ወለል ተዘርግቷል፤ ገንዘብ የምትስበዋ ልጅ ጥርስ ብቻ በር ያክላል። አባዬ ቀና ብሎ አየ። መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጠረገና መልሶ አደረገ። እንደገና አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አሁን ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ወዲያው መድረክ መሪው በማይክሮፎኑ ጮኸ፦ «ዛሬ በየመንገዱ ካርዳችንን ሰክተን ገንዘባችንን የምናወጣው በኚህ ሰው ድካም ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባዬ ተነሣ፤ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መድረኩ ሄደ።

ንግግሩን ከኪሱ አወጣ። አንዲት ቃል ሳያስቀር አነበበው። ስለ ቁርጥራጮቹ፣ ስለ አድራሻቸው፣ ድምፅና ምስል በአንድ ሽቦ ሳይጋፉ ስለሚሄዱበት ብልሃት። የክብሪት ቀፎዎቹንም አውጥቶ ደረደረ። ሕዝቡ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል፤ አንድም ሰው የሚያነበው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን አልጠረጠረም። «ሁሉም ቁራጭ እኩል ነው፤ የሀብታሙም የድሃውም!» ሲል የባንኩ ፕሬዚዳንት ልባቸው ተነክቶ ቀድመው አጨበጨቡ። «አምሳ ሦስት!» ሲልማ ሰዉ የአገልግሎት ዘመኑ መስሎት ቆሞ አጨበጨበለት። እኔ ወንበሬ ውስጥ ውሃ ሆኜ አለቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ጭብጨባ እላዩ ላይ እየወረደ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ የለም።

መድረክ መሪው ጊዜ ተርፎት ነው መሰለኝ «አንድ ጥያቄ እንቀበላለን» አለ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ብድግ አሉ።

«ጋሽዬ፣ ይኼ ማሽን ካርዴን ለምንድነው የሚውጥብኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሞትኩ አልኩ። አሁን «እኔ የዚያኛው አይደለሁም!» ሊል ነው። ፊቱን ሲያጠቁር አየሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አልዋጠብሽም» አለ የአባዬ ድምፅ። «ማሽን አይርበውም እኮ።»

ዓይኔን ገለጥኩ።

«ገንዘቡን ተቀብለሽ ስትቆጥሪ ካርድሽን ትረሺዋለሽ። እሱ ትንሽ ይጠብቅሻል፤ ካልወሰድሽው ሌላ ሰው እንዳይወስድብሽ መልሶ ያስቀምጥልሻል። አንቺ ደግሞ ያስቀመጠልሽን ዋጠብኝ ብለሽ በቡጢ ትደበድቢዋለሽ።» ሳቁ ቀጠለ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ዝናብ ሲሆን ኖቱ ይረጥባል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አቧራ ሲሆን ካርድ ማስገቢያው ይታፈናል። ጎማው ያልቃል። ታዲያ አልሠራ ሲል ተሳድባችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከናንተ በኋላ አንዲት ልጅ ትመጣለች። በዝናብም በፀሐይም ትመጣለች። ሆዱን ከፍታ በጨርቅ ትጠርገዋለች። አንድ ቀን ጣቷን ቆርጧት፣ በመሀረብ አስራ ጨርሳው ነው የሄደችው።»

የጣቴን ነገር ለእማዬ የነገርኳት ማድ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነበር። ሳሎን ራዲዮኑ እየጮኸ። አባዬ ወንበሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ «እኔ አልነገርኩትም» አለችኝ በዓይኗ ብቻ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩም። ያን ሁሉ ዓመት ሰምቶኛል! እየሰማኝ ነው ያኮረፈኝ፣ ይኼ ግትር ሽማግሌ!

የመስታወት ሽልማት ሰጡት። የገንዘብ ማሽን ቅርጽ ያለው፣ ካርድ ማስገቢያው ሳይቀር ተቀርጾበታል። ፕሬዚዳንቱ «ከዚህ በፊት እንዲህ አብራርቶ የነገረን የለም» ብለው እጁን ጨበጡት። የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ እኔን ፈልጋ መጣችና «አየሽ? በከንቱ ነው የተጨነቅሽው» አለችኝ።

በታክሲ ስንመለስ አባዬ ሽልማቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። ብዙ ከሄድን በኋላ «የኔን ክፍል ማንም አልሰማኝም» አለ።

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? እኔ ስናገር ስልክሽን ነው የምትጎረጉሪው።»

«ጠይቀኛ።»

«ቁራጩ ስንት ነው?»

«አምሳ ሦስት ባይት።»

«እሱንማ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል። ለአድራሻው?»

«አምስት።»

«ለጭነቱስ?»

«አርባ ስምንት። መጀመሪያ ላይ ገሚሱ አገር ሠላሳ ሁለት ይሁን፣ ገሚሱ ስልሳ አራት ይሁን ብለው ተጣሉና መሃል ላይ ታረቁ። አንተ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ይሻል ነበር ትላለህ።»

ይኼን ንግግሩ ውስጥ አልጻፈውም ነበር። ልጅ ሆኜ እራት ላይ ነው የነገረኝ። ወደ መስኮቱ ዞረና ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። እማዬ ከፊት ወንበር ሆና «ይሄው ነው! እኔ በሁለት ደንቆሮ መካከል የኖርኩ መስሎኝ!» አለች።

ሰፈር ስንወርድ ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ መቀሱን ጥሎ ወጣ። ፀጉሩ ግማሽ የተቆረጠ ሰው ወንበር ላይ ቀርቷል።

«ጋሽ ኤቲኤም! በቴሌቪዥን አየንዎት፣ እንኳን ደስ አልዎት! እንግዲህ ዛሬ አያመልጡኝም፤ ይቺ ካርድ አሁንም እንቢ ብላኛለች፣ እስቲ ይዩልኝ?»

አባዬ ፊቱን አጠቆረ።

«እኔ የዚያኛው አይደለሁም» አለው። ጥሎት ግን አልሄደም። የመስታወቱን ማሽን አምጥቶ እኔ እጅ ላይ አኖረው። «የዚያኛው እሷ ናት። ልጄ ናት። እሷን ጠይቃት።»